የማይሞላው ጉድጓድ

በጅቡቲ፣ ካርቲየ ሰባት በሚባለው ሰፈር አንድ ሰው የግቢውን ሽንት ቤት ማሞገስ ሲፈልግ አንዲት ቃል ትበቃዋለች፤ «አይሞላም»። ይህን የሰማ ሁሉ ራሱን በአድናቆት ይነቀንቃል። የጎረቤት ጉድጓድ ዝናብ በጣለ ቁጥር ወደ መንገድ ሲገነፍልና መምጠጫ መኪና እየተለመነ ሲመጣ የአንተ ዝም ብሎ የሚውጥ ከሆነ የተባረክህ ነህ። የዋጠውን የት እንደሚያደርሰው የሚጠይቅ የለም። እኔ በዚህች ከተማ ስኖር ጥያቄውን ሲጠይቅ የሰማሁት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ጉድጓዶቹን የቆፈረው ጉዲና። ዘግይቶ ጠየቀ። ሌላው ግን ዘግይቶም አልጠየቀም።

ጉዲና የኤረር ልጅ ነው። ኤረር ከድሬዳዋ ብዙም የማትርቅ የባቡር ጣቢያ ናት። በወጣትነቱ አሰብ ወርዶ የቤት መሠረት ይቆፍር ነበር። በዘጠና ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ተነስቶ የአሰብ በር ሲዘጋ፣ ዕቃውም ሾፌሩም ተሸካሚውም ወደ ጅቡቲ ሲዞር፣ እሱም ዶማና አካፋውን በጨርቅ ጠቅልሎ ከመጡት ጋር መጣ። ካርቲየ ስድስት አንዲት ክፍል ተከራየ። ሚስት አላገባም። «ማን በዚህ ሙቀት ሁለት ሆኖ ይተኛል» ይል ነበር ሲጠይቁት፤ እውነተኛ ምክንያቱን አላውቅም።

ሥራ ግን አላጣም። የታችኛው ሰፈር መሬት ለቆፋሪ አስቸጋሪ ነው። ከላይ ከባሕር የተረፈ ዛጎልና ጠንካራ ድንጋይ አለ፤ እሱን ስትሰብር ደግሞ ወዲያው ውሃ። ሌላው ቆፋሪ ውሃው ብቅ ሲል ይሸሻል። ጉዲና ግን አሰብ የተማረው ዘዴ ነበረው። ባሕሩ በየቀኑ መጥቶ ይሸሻል፤ ሲሸሽ ጠብቆ ይገባና ድንጋዩን ሰብሮ፣ ውሃው ከጉልበቱ በላይ እስኪደርስ ይወርዳል። ከዚያ አንገቱን ቀና አድርጎ «መለሰ!» ብሎ ይጮኻል። ውሃው ለዶማው መልስ ሰጠ ማለቱ ነው። ሴቶቹ እልል ይላሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ጉድጓድ ከባሕሩ ጋር ይተነፍሳል፤ ባሕሩ ሲመጣ ይነሳል፣ ሲሄድ ይወርዳል፣ የተጣለበትንም ይዞ ይሄዳል። አይሞላም።

ለእትዬ ማይሙና የቆፈረላትም እንዲህ ያለውን ነው። ማይሙና ቤተሰቦቿ ከሐረር የመጡ የጨርቅ ነጋዴ ናት፤ ሽቲውንም አቡጀዲውንም ከእሷ የማይገዛ አልነበረም። ባሏ ከሞተ በኋላ ከልጇ ከዘይድ ጋር በካርቲየ ሰባት ዝቅተኛው ጥግ ትኖራለች። ግቢዋ ጠባብ ነው፤ አራት ክፍል ዙሪያውን ከቦ መሐል ላይ የቀረው መሬት ጥቂት የሶላት ምንጣፍ ቢነጠፍበት ያልቃል። ጉዲና «መለሰ!» ያለ ዕለት ሐልዋ በትሪ አዙራ መንደሩን አበላች።

«እጅህ አይንቀጥቀጥ!» ብላ መረቀችው። «የእኔን ጉድጓድ ሰይጣን እንኳ አይሞላው!»

«ሰይጣን ይሞክር እንጂ አቦ፣ እኛ ምን ቸገረን» አላት፤ ተሳሳቁ።

ከማይሙና ግድግዳ ጀርባ የምስራች ትኖር ነበር። ባሏ ጌቾ ተሳቢ መኪና ይነዳል፤ ከወደብ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ወደብ። እሷ በግቢዋ ለሾፌሮች ሽሮና ጥብስ፣ ፓስታም ትሸጥ ነበር። ግቢው ውስጥ ከቤቱ በፊት የነበረች ኤላ አለች፤ ጨዋማ ውሃ ያላት አጭር የውሃ ጉድጓድ። ውሃዋን ማንም አይጠጣውም። ቧንቧ ሲጠፋ ግን፣ ቧንቧው ደግሞ የሚጠፋው ሐምሲን የሚሉት ትኩስ የበጋ ነፋስ ሲነፍስና ሰው ሲጠማ ነው፣ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ባልዲ ይዛ ወደ የምስራች ትመጣለች። ዕቃ ይታጠብበታል፣ ልብስ ይታጠብበታል፣ ልጅ ይታጠብበታል።

የየምስራች ልጅ ቸሩ ይባላል። ግድግዳ ይዞ መሄድ የጀመረበት ጊዜ ነበር። በዚያ ዓመት፣ ሁለት ሺህ ሰባት በፈረንጅ፣ ቧንቧው ከሌላው ጊዜ ረዘም ላለ ጊዜ ጠፋ። ሕፃን የት ይቀመጣል? ውሃ ያለበት ዳር ነው እንጂ። ሳፋው ውስጥ እጁን እየነከረ ወደ አፉ ይወስዳል፣ እናቱ ትቆጣዋለች፣ ይስቃል፣ ደግሞ ይነክራል። ከዚያ ታመመ። ተቅማጡ ያዘው፣ ማስመለሱ ተከተለ፣ ዓይኑ ወደ ውስጥ ገባ። ሆስፒታል ሲደርስ ክንዱ ላይ መርፌ የሚገባበት ሥር ጠፋ። ጌቾ ያን ጊዜ ጋላፊ ድንበር ላይ በመኪና ሰልፍ ቆሞ ነበር፤ ልጁን የቀበሩለት ሌሎች ሾፌሮች ናቸው።

«ሙቀቱ ነው» አልን ለቅሶ ላይ። ሙቀት በጅቡቲ የሁላችን አህያ ነው፤ ልንሸከመው ያልፈለግነውን ሁሉ እንጭንበታለን። ማይሙና በትልቅ ድስት ሩዝ አብስላ አመጣች። ልጁ የተገነዘበት አቡጀዲም የእሷ ነው፤ ከሱቋ ቀድዳ የሰጠችው እሷ ናት። ይህን የምጽፈው ላሳጣት አይደለም። ኋላ የሚመጣው የሚገባን ይህን ስናውቅ ስለሆነ ነው።

ረመዳን ሲቃረብ ሰው ቤቱን ያጸዳል። በእኛ ሰፈር ደግሞ ጽዳት ማለት በረሮ መግደል ነው። ከሽንት ቤቱ አፍ የሚወጣው በረሮ ዶሮ ያስደነግጣል። ስለዚህ ሰዉ ላምባ በጣሳ ወደ ጉድጓዱ ይደፋል፤ ከአባትም ከእናትም የወረስነው መድኃኒት ነው። ዘይድም እናቱ አዝዛው ደፋ።

በማግስቱ ጉዲና የምስራች ቤት ምሳ ሊበላ ገባ። ቧንቧው እንደጠፋ ነው። የምስራች ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች ማንቆርቆሪያና ሳህን ይዛ መጥታ ለእጁ አፈሰሰችለት። ታጠበ። እጁን እያራገፈ ወደ ፊቱ ሲያስጠጋው ቆም አለ። ጣቶቹን አሸተተ። እንደገና አሸተተ።

«የምስራች፣ ይሄ ውሃ ላምባ ነክቶት ነው?»

«የምን ላምባ! አሁን ከኤላው ቀድቼ ነው የመጣሁት።»

«ማንቆርቆሪያው ላይ ላምባ ቀድተሽበት እንዳይሆን።»

«አንተ ደግሞ!» አለች፤ ከለቅሶው ወዲህ ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ የሰማናት ያን ዕለት ነው። «ላምባ ባገኝ ምድጃዬ ላይ አደርገው ነበር እንጂ በአንተ እጅ ላይ ላፈስሰው ነው?» በዙሪያው የተቀመጡት ሾፌሮች ሳቁ።

ጉዲና አልሳቀም። ተነስቶ ኤላዋ ላይ አጎንብሶ ቆየ። የውሃው ፊት ላይ ቀጭን ቀለም ይንሳፈፋል፤ ነዳጅ ኩሬ ላይ ሲወድቅ የሚያመጣው ዓይነት። ምሳውን ሳይበላ ወጣና ዘይድን ሱቁ በር ላይ አገኘው።

«ዘይድ፣ ላምባ ደፍታችኋል እንዴ?»

«ትናንት። ጋሽ ጉዲና፣ በረሮው ሠራዊት ሆኖ ወጣ ነው የምልህ! ምነው፣ ላንተም ይደፋልህ?»

ጉዲና ወደ ኤላዋ ተመለሰ። ያን ቀንም፣ በሚቀጥለውም ቀን እየሄደ ከኤላዋ ዳር ተቀመጠ። ባሕሩ ሲመጣ የኤላዋ ውሃ ከፍ አለ፤ ባሕሩ ሲሄድ ዝቅ አለ። የማይሙና ጉድጓድ እንደሚተነፍሰው ትተነፍሳለች። አንድ ሳንባ ነው፤ ሁለት አፍ ያለው። አንደኛውን አፍ የከፈተው እሱ ነው።

ጉዲና ቀደም ሲል ሀብታሞቹ በሚኖሩበት በሀራሙስ በኩል ቪላዎች ሲሠሩ በቀን ሠራተኛነት ገብቶ ነበር። እዚያ ጉድጓድ አይቆፈርም። በግድግዳው ውሃ የማያሳልፍ፣ ሁለት ክፍል ያለው፣ ፎስ የሚሉት ማጠራቀሚያ በሲሚንቶ ይሠራል፤ ወፍራሙ እዚያ ይቀራል። ቀጭኑ ውሃ ደግሞ በተሸነቆረ ቧንቧ ወጥቶ በጠጠርና በአሸዋ ውስጥ ቀስ ብሎ ይሰርጋል። የመሬቱ ውሃ ቅርብ ስለሆነ አሸዋው ከመሬት በላይ እንደ ጉብታ ይከመራል። ያን ጊዜ ጉዲና ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ «እነዚህ ሰዎች ገንዘባቸው በዝቶ አሸዋ ይቀብራሉ» እያለ ያላግጥ ነበር። አሁን ገባው። ያ አሸዋ ደረቅ ሆኖ በቆሻሻውና በውሃው መካከል ይቆማል፤ ክፉውን ነገር እዚያው ይዞ ያስቀረዋል። ታዲያ የሀብታሙ ሽንት በታጠበ አሸዋ ሲጣራ የእኛው በጎረቤታችን ማንቆርቆሪያ ይጣራል። ይህን ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል። መንደሩ በግቢው ጠባብነት ቢያመካኝም አንድ ነገር ሠርቶ አልሞከረም።

ጉዲና ወደ ማይሙና ሄደ። የምስራች መፅነሷ ገና የተሰማው በዚያ ወቅት ነበር፤ የምትወልደው ከሚቀጥለው ሐምሲን በፊት ነው። እሱ የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ያ ሕፃን ግድግዳ ይዞ ሳፋ ዳር ከመድረሱ በፊት ጉድጓዱ መዘጋት አለበት።

«እትዬ ማይሙና፣ ያንን ጉድጓድ እንዝጋው።»

«ሞላ እንዴ?»

«አልሞላም።»

«አልሞላም እያልክ ልዝጋው ትላለህ? ሙቀቱ ራስህ ላይ ወጣ እንዴ አንተ ሰው?»

ነገራት። ስለ ላምባው፣ ስለ ኤላዋ፣ ስለ ባሕሩ። ማይሙና ሜትሯን በእጇ ይዛ ስትሰማው ቆየች። ከዚያ ተነስታ የሱቁን በር ገርበብ አደረገች።

«ይህን ለማን ነገርክ?»

«ለማንም።»

«ለማንም እንዳትነግር። ወላሂ እንዳትነግር!» አለችው። «ዛሬ ጉድጓዴን ብዘጋ ነገ ምን ይሉኛል? ለምን ዘጋችው ይላሉ። ማይሙና የሰው ልጅ ገድላ ደበቀች ይላሉ። የተገነዘው እኮ በእኔ አቡጀዲ ነው! በምን ዓይኔ ነው የየምስራችን ፊት የማየው?»

«ሳትዘጊውስ ፊቷን ታዪዋለሽ?»

«ውጣልኝ» አለችው።

ወጣ። ግን ተመልሶ መጣ፤ ደግሞ መጣ። ለሠራበት ምንም እንደማይጠይቅ፣ እሷ ሲሚንቶና ቧንቧ ብቻ ብታመጣ እንደሚበቃ ነገራት። አንዴ እንቅልፍ ነሳኸኝ አለችው፤ አንዴ ዕቃ ልትቆጥር መጋዘን ገባች ተባለ። የምስራችን ደግሞ ዙሪያ ጥምጥም ይዞራት ነበር።

«ልጅ ስትወልጂ በዚህ ውሃ አትጠቢው።»

«ቧንቧው ሲጠፋ በምን ልጠበው፣ በላቤ?»

«አፍልተሽ ቢሆን...»

«ጉዲና፣ አንተ አንድም ልጅ ሳትወልድ ልጅ አሳደግህብኝ» አለችው። ምክንያቱን ሊነግራት አፉን ይከፍትና ጥቁር ልብሷን ሲያይ መልሶ ይዘጋዋል። እንዲህ እያለ ጊዜው ሄደ። ሐምሲን ሊመጣ ነው።

ጫት ወደ ሰፈር የሚገባበትን ሰዓት ጅቡቲ የኖረ ያውቀዋል። ቀትር ካለፈ በኋላ መኪናዎቹ ጡሩንባ እየነፉ ይደርሳሉ፣ ሴቶቹ እርጥብ ጆንያቸውን ይገልጣሉ፣ ከመሥሪያ ቤቱም ከወደቡም ያለ ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ካልሰማህ አትሰማም። ጉዲና ከማይሙና ሱቅ ፊት ለፊት ባለችው የጫት ሻጮች ጥግ ላይ ቆሞ አጨበጨበ። እኔም እዚያ ነበርኩ።

«ስሙኝማ! የምናገረው አለኝ!»

«ማኅበር ልትመሠርት ነው?» አለ አንዱ።

«ይህን የእትዬ ማይሙናን ሽንት ቤት የቆፈርኩት እኔ ነኝ። ውሃው ድረስ አውርጄዋለሁ። የማይሞላው ለዚህ ነው። የተጣለበት ሁሉ በሥር ሄዶ ከጀርባ ያለችው ኤላ ውስጥ ይገባል።»

«ኧረ ጫቱ ዛሬ ቶሎ ያዘው!» አለ ሌላው፤ ሰው ሳቀ።

«አልቃምኩም» አለ ጉዲና። «ሴትዮዋ ምንም አታውቅም። እሷ ሽንት ቤት ቆፍር አለችኝ፤ እኔ የቆሻሻ መንገድ ቆፈርኩ። ቸሩ የሞተው በሙቀት አይደለም።»

ሳቁ ቆመ። ጌቾ በዚያን ቀን ከመንገድ ገብቶ ከጎሚስታው ጥላ ሥር ተቀምጦ ነበር። ቀስ ብሎ ተነሳ። ሰው መንገድ ለቀቀለት።

«ልጄን ምን አልክ?»

ጉዲና ደገመለት። አላሳጠረውም፣ አላለሰለሰውም። ጌቾ አንገትጌውን ጨብጦ መታው፤ ወደቀ፤ ተነስቶ ቆመና እጁን ወደ ኋላ አደረገ። ጌቾ ድጋሚ መታው። ዘይድ ነው መሐል ገብቶ የያዘው፤ እሱም እያለቀሰ። የምስራች በግቢዋ በር ላይ አንድ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ቆማ ነበር። ሁሉንም ሰምታለች። አልጮኸችም። ወደ ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋች።

ያን ጊዜ ማይሙና ወጣች።

«ያ ረቢ!» አለች ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና። «ሰማችሁ? ሰማችሁ ወይ? እኔ ምን አውቃለሁ! ቆፋሪ ነው ብዬ አምኜው! በገዛ ግቢዬ!» እንባዋ ወረደ። እንባው የውሸት አልነበረም፤ ለብዙ ጊዜ ያመቀችው ነው። ቃሉ ግን የውሸት ነበር፤ ወራት ሙሉ ታውቅ ነበር። ጉዲና ደሙን በክንዱ እየጠረገ አያት፤ አንድም ቃል አላስተባበለም።

በማግስቱ ጠዋት ዘይድ ካርቲየ ስድስት ድረስ መጣ።

«ጋሽ ጉዲና፣ እማ ና ብላሃለች» አለው፤ ዓይኑን ሰብሮ። «አካፋህን ይዘህ።»

ማይሙናን አልወቅሳትም የሚሉ አሉ። እኔ እወቅሳታለሁ። አንድ ሰው ስሙን አንጥፎ እንድትረማመድበት ሲሰጣት ረግጣው አለፈች፤ ከተሻገረች በኋላም ዞራ አላነሳችውም። ግን እሷን ብቻ ብወቅስ ደግሞ ውሸታም እሆናለሁ። በዚያ ጥግ ከቆምነው መካከል ስንታችን ግቢ ውስጥ ነው የጉዲና ጉድጓድ ያለው? ስንታችን ነን ያን ቀን ወደ ቤታችን ገብተን የሽንት ቤታችንን አፍ ከፍተን ያየነው? ለኛም ቀለለን። «ገዳዩ ተገኘ» ብለን ጫታችንን ገዝተን ገባን።

ሥራው እንዲህ ነበር። አሮጌው ጉድጓድ ተመጠጠ፣ ኖራ ተነሰነሰበት፣ በድንጋይ ተሞላ። መሬት ውስጥ መውረድ ስለማይቻል ጉዲና ሁሉንም ወደ ላይ አወጣው። ፎሱን ግማሹን ከመሬት በላይ ሠራ። ሽንት ቤቱን ከፎሱ በላይ አደረገው፤ ስለዚህ ደረጃ አስፈለገው። መንደሩ ለመሳቅ ይህን ይጠብቅ ነበር።

«ማይሙና ዙፋን አሠራች» ተባለ። «ስትወጪ ጥሩንባ ይነፋልሽ?» ይሏታል ደንበኞቿ። ጉልበቷ የሚያማት ሴት ናት፤ «አስተግፊሩላህ፣ ለዚህም ተራራ ልወጣ!» እያለች ትወጣለች።

ከፎሱ የሚወጣውን ቀጭን ውሃ የሚቀበል ቦታ ግን ግቢው የለውም። ጉዲና የየምስራችን ኤላ ከሚያዋስነው ግድግዳ ርቆ፣ በተቃራኒው ግድግዳ ጥግ ላይ ጠባብና ረጅም መደብ በድንጋይ አጠረ። ታቹን ክፍት ተወው። ውስጡን በአሸዋ ሊሞላ ነው፤ አሸዋው ደግሞ ከአምቡሊ ደረቅ ወንዝ ይመጣል፤ አፈር አለው። አፈር ያለው አሸዋ ይደፈናል። በጠርሙስ ከውሃ ጋር አድርጎ ይመታዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ከላይ ጭቃ ከተኛ አልወደደውም ማለት ነው። መታጠብ አለበት። የሰው ልጅ መታጠቢያ ባጣበት ከተማ ማን አሸዋ ያጥባል? በጋሪ እየጫነ ባሕር ዳር ወስዶ በባሕር ውሃ አጥቦ መለሰው።

«ወዴት ነው ጉዲና?» ይሉታል መንገድ ላይ።

«ባሕር።»

«አሸዋ ይዘህ?»

«አዎ።»

«እዚያ አልቆ ነው?» ይስቃሉ። ልጆች ከጋሪው ኋላ እየተከተሉ «አሸዋ አጣቢ!» ይሉት ነበር። ያ ስም እስከ መጨረሻው አልለቀቀውም፤ ከሌላው ስም ይሻለው ነበር። ሌላውን ስም እዚህ አልጽፈውም።

አሸዋው ላይ ጠጠር ነሰነሰ፣ ጠጠሩ ላይ የተሸነቆረውን ቧንቧ አጋደመ፣ እንደገና ጠጠር፣ ከላይ ጨርቅና ስስ አሸዋ። መደቡ ሲያልቅ ለመቀመጫ የተሠራ ይመስላል፤ ቁመቱም ለመቀመጫ ልክ ነው። ዘይድ አይቶ ደስ አለው።

«ላዩን በሲሚንቶ ልምረገውና መቃሚያ ይሁነኝ ጋሽ ጉዲና። ምንጣፍና መከዳ ባደርግበት...»

«ብትመርገው ያፍናል። አሸዋው መተንፈስ አለበት።»

«አሸዋ ደግሞ ሳንባ አለው?»

«ባሕሩ ነበረው አይደል?» አለው ጉዲና። ዘይድ ሰሌን አነጠፈበት፤ ሲሚንቶ አልነካውም። ማይሙናም አሸዋውን እንዳያበላሹ ላምባና ጃቬል የሚሉትን በረኪና ወደ ሽንት ቤቱ እንዳትደፋ ታዘዘች፤ በበረሮው ምክንያት ስትራገም እስከ መንገድ ይሰማ ነበር፤ ግን አልደፋችም። ይህችን እቆጥርላታለሁ።

የምስራች ሴት ልጅ ወለደች፤ አፀደ። ሐምሲን ነፈሰ፣ ቧንቧው ጠፋ፣ ሴቶቹ ባልዲያቸውን ይዘው ወደ ኤላዋ መጡ። ጉዲና ያን በጋ ሰው ሆኖ አልከረመም። የምስራች ግቢ መግባት አይችልም፤ ስለዚህ በየቀኑ በሱቁ በኩል እያለፈ ዘይድን «እንዴት ዋለች?» ይለዋል። ዘይድም ማንን እንደሚል አይጠይቀውም፤ «ትስቃለች» ይለዋል። አንድ ጊዜ «ትንሽ አተኮሳት» አለው። ጉዲና ያን ቀን ሥራ አልሄደም፣ እህል አልቀመሰም፣ ከሱቁ ደጃፍ ተቀምጦ ዋለ። ጥርስ ልታበቅል ኖሯል። አፀደ ያንን ሐምሲን አለፈች። ቀጣዩን አለፈች። ግድግዳ ይዛ ቆመች፤ ግድግዳውን ለቀቀች።

በመደቡ ምክንያት ብቻ ነው ብዬ አልምልም። በዙሪያዋ ስንት ሌላ ጉድጓድ አለ። ጉዲናም ይህን ያውቅ ስለነበር የቆፈራቸውን ሁሉ እያሰበ በየግቢው በር ይቆም ጀመር። «ክፈቱልኝና ልዝጋው፤ መደብ ልሥራላችሁ» ይላል። ጥቂቶች እሺ አሉት። የሚበዙት በር ላይ እንዳለ ይመልሱታል። «የእኔ አይሞላም፤ ምን አግብቶህ?» ይሉታል። ራሱ ያስተማራቸው ሙገሳ ነው። በቁፋሮ የሚቀጥረው ስለጠፋ ወደብ ገብቶ የማዳበሪያ ጆንያ ተሸከመ። ከሥራ መልስ ግን ጠርሙሱን በኪሱ ይዞ በር ያንኳኳል። ዓመታቱ በዚህ አለቁ፤ ደረቱም አለቀ። ሳል ያዘው፤ ደረጃ መውጣት አቃተው።

የምስራች በእነዚያ ዓመታት ሁሉ አንድ ቃል አልተናገረችውም። ሾፌሮች በሙሉ እሷ ጋ ሲበሉ እሱ ደጇን አልፎ ሌላ ቦታ ይበላ ነበር። ጌቾ ከሰላምታ ጀመረ፤ ከዚያ «ሳልህ ከፋ» ማለት ጀመረ። ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ላይ ጉዲና አገሬ ልግባ ሲል ሰዎች «አዲሱ ባቡር ናጋድ ጣቢያ ደርሷል፣ በባቡር ትሄዳለህ» አሉት።

«ባቡሩ አንተን እስኪያሳፍር ትሞታለህ» አለው ጌቾ። «ነገ በእኔ መኪና ትወጣለህ። ኤረርን አላልፍባትም፣ ግን መንገድህን አቀናልሃለሁ።»

በማግስቱ መኪናው መንገድ ላይ ቆሞ ሳለ ልጅቷ አፀደ ጥቁር ሻሽ ያሰረች ረጅም ልጅ ሆና ከግቢ ወጣች።

«ጋሽ ጉዲና፣ እማዬ ምሳ ሳይበላ አይሄድም ብላለች።»

ገባ። እኔም ሻንጣውን ይዤለት ስለነበር ገባሁ። ያን ቀን ቧንቧው አልጠፋም ነበር፤ ከበሩ አጠገብ ይንጠባጠባል። የምስራች ወደ ቧንቧው አልሄደችም። እሱ እያያት ባልዲውን ኤላዋ ውስጥ ለቀቀች፣ ሳበች፣ ወደ ማንቆርቆሪያው ገለበጠች፣ ሳህኑን ይዛ ፊቱ ቆመች። እጁን ዘረጋ። አፈሰሰችለት፤ ቶሎ አላቆመችም።

ጉዲና እጁን አራግፎ ወደ ፊቱ አስጠጋ። ልማዱ ነው፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ሳያሸት የበላው ምግብ የለም። መሐል ላይ ማንን ፊት ለፊት እንዳደረገ ትዝ አለውና እጁን ሊያወርድ ሲል፣

«አሽትተው» አለችው።

አሸተተ።

«ምን ይሸታል?»

«ምንም አይሸትም።»

«እንግዲያው ብላ» አለችና ትሪውን አቀረበችለት።